የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር፦ ለልምምድና ለትንሽ መድረክ የሚበቃውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ማታር፦ እንደ ማታር ባሉ ከተሞች አንድ የመዘምራን ወይም የወጣቶች ኪነት ቡድን የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ ነው። መሣሪያው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው አዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል፤ ወይም በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ይልኩታል። ከመጣ በኋላ የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ መመለሻ የለውም፤ ቢቃጠልም የሚጠግነው ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ደግሞ ምርጫው በይበልጥ የሚያሳስተው የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ገዢው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ብቻ አይቶ ይወስናል፤ የመሣሪያውን ዕድሜና ጥቅም የሚወስኑት ግን የስፒከሩ ዓይነት፣ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱና የሚጫወቱበት ቦታ ናቸው።

ይህ ማብራሪያ ለልምምድና ለአነስተኛ ዝግጅት የሚውለው፣ ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን የተገጠሙለት «ኮምቦ» የተባለው አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያዝ ያስረዳል።

ቤዝ ጊታር ለምን የራሱ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል?

ባለአራት ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ የሚያወጣው ዝቅተኛው ድምፅ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነው። ባለአምስት ክሩ እስከ 31 ይወርዳል። የተራ ጊታር ወፍራሙ ክር በአንጻሩ 82 ነው፤ ማለትም ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር በአንድ ስምንት ድምፅ ወይም ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይሰማል።

ድምፅ እየወፈረ በሄደ ቁጥር በአየር ውስጥ የሚዘረጋው ሞገድ እየረዘመ ይሄዳል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ድምፅ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ይህን ያህል ሞገድ ለማስነሣት የስፒከሩ ወረቀት ብዙ አየር መግፋት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ረጅም ርቀት መሄድ አለበት። ለተራ ጊታር የተሠራ ስፒከር ለዚህ አልተዘጋጀም። በዝቅተኛ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ቢያገለግልም፣ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ወረቀቱ ከአቅሙ በላይ ተወርውሮ ይቀደዳል፤ ወይም የውስጡ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ተራ ጊታርን በቤዝ አምፕሊፋየር ማጫወት ጉዳት የለውም፤ ቤዝ ጊታርን በተራ ጊታር አምፕሊፋየር ማጫወት ግን ስፒከሩን ለአደጋ ያጋልጣል።

ነገሩ ከውሃ ፓምፕ ጋር ይመሳሰላል። ከወንዝ ውሃ የሚስብ ገበሬ የሞተሩን ጉልበት ብቻ አይመለከትም፤ ቱቦው ያን ውሃ የሚያሳልፍ ስፋትና ጥንካሬ ከሌለው ትልቅ ሞተር ቱቦውን ከማፈንዳት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። ዋት የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ስፒከሩና ሣጥኑ ደግሞ ቱቦው ናቸው።

አመጣጡና የኢትዮጵያ መድረክ

አሜሪካዊው የመሣሪያ ሠሪ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቤዝማን የተሰኘውን ለቤዝ የታሰበ አምፕሊፋየር አስከተለ። አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ባለ15 ኢንች ፖርታፍሌክስ ደግሞ ለትንሽ መድረክና ለቀረጻ ክፍል የሚሆን መጠነኛ አምፕሊፋየር ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል። እነዚህ ቀደምት መሣሪያዎች በመብራት ቱቦ የሚሠሩና ከባድ ነበሩ። ዛሬ ዲ ክላስ የሚባለው የማጉያ ዘዴ የሚባክነውን ሙቀት ስለቀነሰ፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የሚሄደው ባለ100 ዋት ሣጥን የተለመደ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ቤዝ ጊታር ቦታውን ያጸናው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በነበሩት ባንዶች ነው። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ፤ መላከ ገብሬ በዋልያስ ባንድ የተጫወቱት ቤዝ የዘመኑን ሙዚቃ ከሥር ይዞ የሚያስኬድ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራቸውን ሥራዎች ያዳመጠ ሰው፣ ቤዙ ቢወጣ ዜማው ምን ያህል እንደሚራቆት መገመት ይችላል።

የባህል መሣሪያዎችም ከዚሁ ጎራ አልራቁም። የባህል ቡድኖች በአሁኑ ወቅት የሚጠቀሙበት ቤዝ ክራር፣ ሣጥኑ ከተለመደው ክራር ሰፋ ያለ፣ ክሮቹም የወፈሩና ዝቅ ተደርገው የሚቃኙ ነው። ድምፅ መቅረጫ ተገጥሞለት ወደ አምፕሊፋየር ሲገባ የሚፈልገው ከቤዝ ጊታር የተለየ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ቤዝ ክራር ለሚጠቀም የኪነት ቡድንም ያገለግላል።

ስንት ዋት ይበቃል?

የዋት ቁጥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ ልብ ብሎ ሲያዳምጥ የሚለየው ልዩነት ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም የዋቱ 10 እጥፍ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ባለ40 ዋቱን ትቶ በብዙ ገንዘብ ባለ60 ዋት መግዛት ትርጉም ያለው ለውጥ አያመጣም። ስፒከሩን ከ8 ኢንች ወደ 12 ኢንች ማሳደግ ግን ለቤዝ ድምፅ ግልጽ ልዩነት ያመጣል።

እንደ አጠቃላይ መመሪያ የሚከተለውን መያዝ ይቻላል።

• ለብቻ ልምምድ፦ ከ10 እስከ 25 ዋት፣ ባለ8 ኢንች ስፒከር ይበቃል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ቢሆን ጎረቤት ሳይረበሽ ማታም መለማመድ ይቻላል።

• ከኪቦርድ፣ ከክራርና ከድምፃውያን ጋር ያለ ከበሮ ወይም በቀስታ ከሚመታ ከበሮ ጋር፦ ከ40 እስከ 50 ዋት፣ ባለ10 ኢንች።

• ከሙሉ ድራም ጋር በክፍል ውስጥ ለመለማመድና በትንሽ አዳራሽ ለማቅረብ፦ 100 ዋትና ከዚያ በላይ፣ ባለ12 ኢንች።

• በሜዳ ላይ ለብዙ ሕዝብ፦ የትኛውም ትንሽ ኮምቦ ብቻውን አይበቃም። ከሳውንድ ሲስተም ጋር መያያዝ አለበት።

በገበያ ከሚታወቁት መካከል የፌንደር ራምብል 40 ባለ10 ኢንች ሲሆን 8 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ራምብል 100 ደግሞ ባለ12 ኢንች ሲሆን 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ቤዝ በስድስት ትንንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ጭምር ይሠራል፤ ነገር ግን ለክፍል ልምምድ እንጂ ለድራም አጃቢነት የሚሆን ጉልበት የለውም። ስሞቹ የተጠቀሱት መጠንን ለማነጻጸር ሲሆን፣ በሌሎች ኩባንያዎችም ተመጣጣኝ መሣሪያዎች አሉ።

ሜዳ ላይ ቤዝ የሚጠፋበት ምክንያት አለው። በክፍል ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ የወፈረውን ድምፅ መልሰው ያጠናክሩታል። ሜዳ ላይ ግን የሚመልሰው የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ2 ሜትር ርቀት በደንብ የተሰማ ቤዝ በ16 ሜትር ርቀት 18 ዴሲቤል አጥቶ ይደርሳል። በክፍል ውስጥ ተሞክሮ የተገዛ አምፕሊፋየር በበዓል ቀን ሜዳ ላይ «አልሰማ» የሚለው ተበላሽቶ አይደለም።

ከሳውንድ ሲስተም ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ

ከዋት ይልቅ ሊፈተሽ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ከጀርባው ያለው ባለሦስት እግር ክብ መሰኪያ ነው። «ዲ አይ» ወይም «ላይን አውት» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ መሰኪያ የቤዙን ድምፅ በማይክሮፎን ገመድ ወደ ሚክሰር ይወስዳል። ታዳሚው ቤዙን ከትልልቆቹ ስፒከሮች ይሰማል፤ ትንሹ ኮምቦ ደግሞ ለተጫዋቹና ለጓደኞቹ መስሚያ ይሆናል። ይህ መሰኪያ ያለው ባለ40 ዋት አምፕሊፋየር፣ መሰኪያ ከሌለው ባለ150 ዋት ይልቅ ለብዙ ዓይነት ዝግጅት ያገለግላል።

ሁለቱ ሲገናኙ እምም የሚል ድምፅ ከተሰማ «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ቁልፉ የሚለያየው የድምፅ ገመዱን ብቻ ስለሆነ አደጋ የለውም። እምምታውን ለማጥፋት የመሬት መስመሩን ከኤሌክትሪክ ሶኬቱ ላይ መቁረጥ ግን ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ፦ 120 ወይስ 220?

ከጋምቤላ አካባቢ ሄደው በአሜሪካ ሚኒሶታና ነብራስካ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ የኑዌር ተወላጆች አሉ። ለቤተ ክርስቲያንና ለወጣቶች መሣሪያ መላክም አንዱ የመረዳጃ መንገድ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነው። በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ አምፕሊፋየር በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያው ከመላኩ በፊት ላኪው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ተገቢ ነው። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። የቮልት መምረጫ ቁልፍ ካለው ወደ 220 ወይም 230 ይዞራል፤ ፊውዙም በመመሪያው መሠረት ይቀየራል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ አቅምም መሣሪያው ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ክብደቱና ዋጋው ሲታሰብ ግን ከመጀመሪያው በ220 የሚሠራውን መግዛት ይሻላል።

በጄኔሬተርና በሶላር ሲሠራ

የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ አምፕሊፋየሩ በጄኔሬተር ወይም በሶላር ባትሪ ይሠራል። በትንሽ ጄኔሬተር ሲሆን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይረጋጋ፤ ከዚያ አምፕሊፋየሩ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ ይበራ። ሲጨረስ በተቃራኒው አምፕሊፋየሩ ቀድሞ ይጠፋል። ነዳጅ አልቆ ጄኔሬተሩ እየተንገዳገደ ሲጠፋ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። በመካከል ስታብላይዘር ማስገባት ጉዳቱን ይቀንሳል።

በሶላር ሲሆን ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወጣ ይመከራል፤ ስለዚህ 600 ዋት ሰዓት ይቀራል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። ባለ100 ዋት ዘመናዊ አምፕሊፋየር ዘወትር 100 ዋት አይወስድም፤ ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካዩ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። አማካዩ 50 ዋት ነው ቢባል ባትሪው 10 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ኪቦርድና ትንሽ ሚክሰር ተጨምረው አማካዩ 90 ዋት ቢደርስ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ኢንቨርተሩ ግን በአማካዩ ሳይሆን በከፍተኛው ፍላጎት መመረጥ አለበት። ከበሮና ቤዝ አንድ ላይ ሲመቱ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ፍላጎት እንዲችል 300 ዋትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። «ፒውር ሳይን ዌቭ» የሚባለው ዓይነትም ይመረጣል፤ ርካሹ ዓይነት በስፒከሩ ላይ የማያቋርጥ ጩኸት ይፈጥራል፣ የአንዳንድ መሣሪያዎችን ትራንስፎርመርም ያሞቃል።

የሰው ሕይወት ጉዳይ

የቤዝ ጊታር ክሮች በድልድዩ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የመሬት መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው። መስመሩ በትክክል ከተቀበረ ይህ ጥበቃ ነው። የመሬት መስመሩ ከተቆረጠና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ብልሽት ከተፈጠረ ግን ኤሌክትሪኩ በክሩ በኩል ወደ ተጫዋቹ እጅ ይደርሳል። ተጫዋቹ እየዘፈነ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በደረቱ በኩል ያልፋል። በክረምት እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር መቆም ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ሙዚቀኞች በዚህ መንገድ ሞተዋል።

መከላከያው ግን ውድ አይደለም። ሦስተኛው የመሬት እግር ያልተቆረጠ ሶኬትና ዲቫይደር መጠቀም፣ አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ከአንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ ማገናኘት፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገጠም፣ እንዲሁም ማይክሮፎኑን በከንፈር ከመንካት በፊት በኤሌክትሪክ መፈተኛ ቱርናቪስ መሞከር በቂ ጥበቃ ይሰጣሉ። ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠፋው የኤሌክትሪክ ምንጩ ነው፤ ሰው እርጥብ ሆኖ ገመድ መንቀል የለበትም።

አቀማመጥና ድምፅ አስተካከል

ድምፅ ማስተካከል ሲጀመር ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል የሚሉት ቁልፎች ሁሉ መሃል ላይ ይሁኑ። ከዚያ «ጌይን» የሚለው፣ ክሩ በኃይል ሲመታ ድምፁ መሰንጠቅ ሊጀምር ሲል ጥቂት ዝቅ ተደርጎ ይተዋል። ቀሪው የድምፅ መጠን በ«ማስተር» ይስተካከላል።

ቤዙ በሌሎች መሣሪያዎች መካከል ሲዋጥ ብዙዎች የቤዝ ቁልፉን ይጨምራሉ። ይህ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ድምፁን አያጠራም። መጨመር ያለበት ሚዱ ነው። የሰው ጆሮ የወፈረውን ድምፅ ከላይኛው አብሮ አደግ ድምፁ ጭምር ስለሚረዳ፣ ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ባያወጣም ዜማው ይሰማል።

ቦታውም ድምፁን ይለውጣል። ሣጥኑ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ማዕዘን ሲጠጋ ቤዙ ይጠነክራል፤ ከወለል ከፍ ብሎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉምጉምታው ቀንሶ ለተጫዋቹ ጆሮ ይጠራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ቆርቆሮው ከቤዙ ጋር እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግር፣ የቤዝ ቁልፉን ጥቂት መቀነስና ሣጥኑን ከግድግዳ ማራቅ ይረዳል። የሣር ክዳን ባለው ጎጆ ቀጭኑ ድምፅ በሣሩ ስለሚዋጥ ትሬብሉን ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል።

በጋምቤላ ሙቀትና ክረምት አያያዝ

አምፕሊፋየር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ያለ ጥላ ከቆየ ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ በመሃል ሊጠፋ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በጨርቅ መሸፈን ያለበት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ እንጂ እየሠራ አይደለም።

በክረምት ወራት የስፒከሩ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ መሰኪያዎቹም ይዝጋሉ። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ ማኖር ከእርጥበትም፣ ከምስጥም፣ ከጎርፍም ያድነዋል። በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ማብራትም የውስጡን እርጥበት ያደርቃል። በጭነት መኪና ወይም በጀልባ ሲጓጓዝ የስፒከሩ ፊት በካርቶን ወይም በጣውላ ይሸፈን።

ከመግዛት በፊት

በተለይ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ቡድን የራሱን ጊታርና ገመድ ይዞ ቢሄድ ይበጃል። መሣሪያው በርቶ ድምፅ ሳይገባበት ሲቆይ የሚንጫጫ መሆኑ ይታያል። ወፍራሙ ክር በመካከለኛ ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ ይመታል፤ የሚንጣጣ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ ስፒከሩ ተጎድቷል። እያንዳንዱ ቁልፍና መሰኪያ ይነካካል፤ ድምፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ብየዳው ለቋል። ተጨማሪ ስፒከር ለማገናኘት ካሰቡም ከጀርባው የተጻፈው ዝቅተኛ ኦም መከበር አለበት፤ ሁለት ባለ8 ኦም ስፒከሮች በጎንዮሽ ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ 4 የማይችል አምፕሊፋየር ደግሞ ይቃጠላል። ለተጨማሪው ስፒከር የጊታር ገመድ ሳይሆን ወፍራም የስፒከር ገመድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ገንዘብ ያዋጣው ቡድን አምስት ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ ቢነሣ ከብዙ ጸጸት ይድናል፦ ከድራም ጋር ነው ወይስ ያለ ድራም? ስንት ቮልት ይፈልጋል? ወደ ሚክሰር የሚወስድ መሰኪያ አለው? ባለን ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ስንት ሰዓት ይሠራል? አንድ ሰው ተሸክሞት ጀልባ ላይ መውጣት ይችላል? ለእነዚህ መልስ ያለው ባለ40 ወይም ባለ100 ዋት ሣጥን፣ መልስ ከሌለው ትልቅ መሣሪያ ይልቅ ለዓመታት ያገለግላል።